በሁለት ምስል መካከል የጠፋው

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጋሽ ሃብተአብ አዲስ አበባ፣ ከባምቢስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ግቢያቸው በር ላይ ሰው ይጠብቁ ነበር። መጠበቅ እንኳ አይባልም፤ ሦስት እርምጃ ሄደው ይመለሳሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ያያሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው መልሰው ኪሳቸው ይከቱታል። የሚጠብቁት የቢሊሴን ዋስ ነው። ቢሊሴ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀሐይቱን ዓመት ከመንፈቅ ስታስታምም የኖረች ልጅ ናት። አሁን ግን ልብሷን በፌስታል ሸክፋ ኩሽናው ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋሷ ሲመጡ አብረው ፖሊስ ጣቢያ እንዲሄዱ ተወስኗል። የወሰኑት ጋሽ ሃብተአብ ብቻቸውን ናቸው።

የጎረቤት ልጅ አያንቱ የኮምፒውተር ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከሥራ ስትመለስ ያገኘቻቸው እንዲህ ሲብሰለሰሉ ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? እማማ ፀሐይቱስ እንዴት ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ኧረ ምን ደህና አለ ልጄ! ጠላቴን ቤቴ አስቀምጬ ስቀልብ ከርሜያለሁ። ትናንት ቄራ ለቅሶ ልደርስ በሄድኩበት፣ ያቺ ቢሊሴ ፀሐይቱን ገፍታ ጣለቻት። ግንባሯ አብጦልሻል። ስትሮክ የመታት፣ አንደበቷ የተያዘ ሰው ይገፋል?»

«ቢሊሴ? ኧረ በስመአብ! ማን አየ?»

«እኔ ነኛ! በዓይኔ በብሌኑ! እንቺ፣ እይው።»

የበረንዳው ካሜራ የቀዳውን ቪዲዮ ከፍተው ስልኩን ሰጧት። በረንዳው ላይ ወይዘሮ ፀሐይቱ ከወንበራቸው ተነስተው ቆመዋል፤ ቢሊሴ ፊት ለፊታቸው ናት። ምስሉ ቀጥ አለ። ቀጥሎ የቢሊሴ እጅ ወደ ሴትዮዋ ደረት ተዘርግቷል። ምስሉ እንደገና ቀጥ አለ። ሲቀጥል ወይዘሮ ፀሐይቱ መሬት ላይ ናቸው።

«እሷ ምን አለች?» ስትል ጠየቀች አያንቱ።

«ልይዛት ስል ወደቀች ነው የምትለው። ሌላ ምን ልትል ኖሯል?»

«እማማ ራሳቸውስ?»

«እሷማ ከትናንት ጀምሮ ጉልበቷን እየመታች ታለቅሳለች። ሐዘን ነው እንጂ! በስተርጅናዬ ተደፈርኩ ማለቷ ነው።»

አያንቱ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ መላልሳ አየችው። ሥራዋ የአንድ መሥሪያ ቤት ካሜራና ኔትወርክ መከታተል ነውና እንዲህ ያለ ምስል ለእሷ እንግዳ አይደለም።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ይሄ ቪዲዮ እኮ ይዘላል።»

«ይዝለል! ምን ጎደለው? የሹራቧን ክር መቁጠር ትችያለሽ። ትልቁ ጥራት ላይ ያደረግኩት እኔው ራሴ ነኝ።»

እዚህ ላይ ስለ ሰውየው አንድ ነገር ማወቅ ያሻል። ጋሽ ሃብተአብ ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ አምስት ዓመት ካርታ ስለዋል። አንዲት ጅረት የፀጉር ያህል ከቦታዋ ብትዛነፍ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ለእሳቸው እውነት ማለት ጥርት ብሎ የሚታይ መስመር ነው። ይህን ልማዳቸውን ነው ይዘው ካሜራ የገዙት።

«ማለቴ፣ ካርታ አይንቀሳቀስም ጋሼ» አለች አያንቱ፤ «ተራራው ነገም እዚያው ነው፣ ስለዚህ ጥርት ማለቱ ይበቃል። ሰው ግን ይንቀሳቀሳል። ይሄ ካሜራ በሴኮንድ አምስት ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሳው። ዋይፋዩ ደካማ ስለሆነ ደግሞ ከአምስቱ ሦስቱ መንገድ ላይ ይቀራሉ። የቢሊሴን እጅ አይተናል፤ እማማ ሲወድቁም አይተናል። የቱ ቀደመ? ገፍታቸው ነው የወደቁት፣ ወይስ ሲወድቁ ነው እጇን የዘረጋችው? እሱን ቪዲዮው አያውቀውም።»

«እሰይ! ጠበቃ ሆነሽ መጣሽልኛ! የዛሬ ልጆች ሁሉንም ነገር ማወሳሰብ ነው የምታውቁት።»

«በቃ፣ አንድ ነገር ብቻ ላሳይዎት።»

በጣቷ የቀደሙትን ቀናት ቅጂ አገላብጣ ሐሙስ ጠዋት ላይ ቆመች። ያው በረንዳ፣ ያው ወንበር። በምስሉ ላይ የቆሙት ግን ጋሽ ሃብተአብ ራሳቸው ናቸው። ሁለት እጃቸው የባለቤታቸው አንገት ላይ ነው። ምስሉ ቀጥ አለ። ቀጥሎ ወይዘሮ ፀሐይቱ አፋቸውን ከፍተው ታጥፈዋል። ደግሞ ቀጥ። ከዚያ ሰውየው ጀርባቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ።

ጋሽ ሃብተአብ እጃቸውን አወራጩ።

«ይሄማ... ሻርፕ ሳስርላት ነው! ብርድ ነበር! ከዚያ አስነጠሳት፣ ሶፍት ላመጣላት ሄድኩ! ምን ማለትሽ ነው አንቺ?»

«እኔማ አምንዎታለሁ ጋሼ። ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፖሊስ ጣቢያ ይዘውት የሚሄዱት ስልክ ውስጥ ይሄም አለ። የእርስዎን ቃል የሚያምን ሰው ካለ፣ የእሷንስ ቃል?»

ሽማግሌው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «እኔ ባሏ ነኝ» አሉ፤ «እሷ ባዳ ናት። ለማንኛውም ዋሷ እስኪመጡ አርባ ደቂቃ አለ። ታስተካክይው እንደሆን አስተካክይው። ግን ጥራት ተቀንሶ እውነት ይገኛል ብለሽ አትሸንግይኝ!»

ገቡ። በረንዳው ላይ ወይዘሮ ፀሐይቱ ግንባራቸው አብጦ ተቀምጠዋል። አያንቱን ሲያዩ ግራ ጉልበታቸውን በደህናው እጃቸው መታ መታ አደረጉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጋሽ ሃብተአብ ማየቱን አልቻሉም፣ ፊታቸውን አዞሩ።

አያንቱ ሞደሙን ስትፈልግ ጓዳ ውስጥ ከቡፌው ጀርባ፣ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ለብሶ አገኘችው።

«እዚህ ቀብረውት እንዴት ይድረስ ጋሼ? ሦስት ግድግዳ አልፎ እኮ ነው!» አውጥታ ሳሎን መስኮት ላይ አስቀመጠችው። «ካሜራው ስንት ነው?»

«አራት። አንዱ በር ላይ፣ አንዱ በረንዳ፣ አንዱ ጓሮ፣ አንዱ የውኃ ሮቶው ላይ።»

«ሮቶውን ማን ተሸክሞት ይሄዳል?»

በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል የሰውየው ከንፈር ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። አያንቱ የሮቶውን አጠፋችው። የቀሩትን ጥራት አንድ ደረጃ ዝቅ፣ የምስሉን ቁጥር በሴኮንድ ሃያ አደረገችው። የሸረሪት ድሩን ከካሜራው ዓይን ላይ ጠረገች፤ ጨለማ ሲሆን ካሜራ ይዘገያል ብላ የበረንዳውን መጋረጃ ሰበሰበች።

«አሁን ይመልከቱ።»

አንዲት ድመት በአጥሩ ላይ ትሄድ ነበር። ስልኩ ላይ አራቱም እግሮቿ በተራ በተራ ሲነሱ ታዩ። የፀጉሯ መስመር እንደ በፊቱ አይቆጠርም፤ አረማመዷ ግን አንድም አልጎደለ። ጋሽ ሃብተአብ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

በሩ ተንኳኳ። ዋሷ፣ ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ ከቄራ በእግራቸው መጥተው ያለከልካሉ።

«ጋሽ ሃብተአብ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው? እኔ እኮ ስሜን ሰጥቼ ነው ያስገባኋት!»

«እውነቱን ጣቢያ እንሰማዋለን እትዬ። ቢሊሴ! ተነሺ፣ እንሂድ!»

ልጅቷ ፌስታሏን አንስታ በበረንዳው በኩል ስታልፍ ቆም አለች። ሽማግሌው ለወይዘሮ ተናኘወርቅ የመውጫውን በር ሊከፍቱ ዞረዋል። ከኋላቸው ወንበር ተንኳኳ፣ ዕቃ ተበተነ። ዞር ሲሉ ባለቤታቸው መሬት ሊነኩ ስንዝር ቀርቷቸዋል፤ የቢሊሴ እጆችም ደረታቸው ላይ ናቸው።

«ደገመችው! ዓይኔ እያየ ደገመችው!» ከዘራውን አንስተው ሮጡ።

አያንቱ መሃል ገባች። «ጋሼ! በእናትዎ ያቁሙ! መጀመሪያ ይሄን ይዩ፣ ከዚያ ይምቱኝ!»

የተነሳው ከዘራ በአየር ላይ ቀረ። ዓይናቸው ስልኩ ላይ አረፈ።

ወይዘሮ ፀሐይቱ ፌስታሉን አዩ። ወንበሩን ተደግፈው ብቻቸውን ተነሱ፤ እጃቸውን ወደ ልጅቷ ዘረጉ፣ ልትሄድ ነው ብለው ሊይዟት። አንድ እርምጃ ተራመዱ። ከቀሚሳቸው ሥር ግራ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ታጠፈ። ከዚያ በኋላ ነው ቢሊሴ ዕቃዋን ወርውራ እጇን የዘረጋችው። ያ የትናንቱ እጅ ነው፤ ትናንት አልደረሰም፣ ዛሬ ደረሰ።

«ቀስ አድርገሽ ድገሚው» አሉ ጋሽ ሃብተአብ።

አያንቱ ደገመችው። ጉልበቱ ቀደመ፤ እጁ ተከተለ።

ወይዘሮ ፀሐይቱ በቢሊሴ እቅፍ ውስጥ ሆነው ግራ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ። ባላቸውን ትኩር ብለው እያዩ ደግመው መቱት። ጋሽ ሃብተአብ ያኔ ገባቸው። ሴትዮዋ ከትናንት ጀምሮ ሲያለቅሱ አልነበረም፤ ሲናገሩ ነው የቆዩት።

ከዘራው ከእጃቸው ወደቀ። ቢሊሴ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ልጅቷ ደንግጣ ያዘቻቸው።

«ይቅር በይኝ ልጄ። አጥፍቻለሁ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር ጋሼ» አለች ቢሊሴ፤ እንባዋ ግን አላቆመም። «ግን እማማ ዛሬ ባይነሱልኝ ኖሮስ? በሽተኛ የገፋች ከተባልኩ በኋላ ማን ቤት ያስገባኝ ነበር?»

ጋሽ ሃብተአብ የተበተነውን ልብስ ራሳቸው አንድ በአንድ ለቅመው ክፍሏ አስገቡላት። ወይዘሮ ተናኘወርቅ የበረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው እፎይ አሉ።

ሰኞ ዕለት ቪዲዮውን ያየው ሐኪም ነገሩ ወዲያው ገባው። ለጉልበታቸው ድጋፍ አዘዘላቸው፤ ቢሊሴም የምታሠራቸውን እንቅስቃሴ ተማረች። ጋሽ ሃብተአብም በእድር ስብሰባ ላይ እጃቸውን አወጡ።

«ካሜራ ያላችሁ ስሙኝ። ሞደሙን ከጓዳ አውጡት። ካሜራ አታብዙ። ጥራቱን ትንሽ ቀንሱና እንቅስቃሴው እንዲፈስ አድርጉት። ይህን ያደረገ ሌባውን በትክክል ይለያል፣ በሽተኛውን ያሳክማል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ንጹሕ ሰው አይከስስም። በሚዘል ቪዲዮ ሰው ልትከስሱ ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ እኔ ዘንድ ኑ፤ ሚስቴን ሳንቅ የሚያሳይ አለኝ።»

ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ቤት ሲመለሱ ወይዘሮ ፀሐይቱ በረንዳ ላይ ነበሩ። ጉልበታቸውን አንድ ጊዜ መታ አደረጉ። ጋሽ ሃብተአብ እግራቸው ሥር ቁጭ አሉና ስልካቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

«ንገሪኝ» አሏቸው፤ «እያየሁሽ ነው።»