እትዬ መቀስ ሻሻቸውን የፈቱ ዕለት

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልብስ ላሰጣ ወደ ጣሪያው ስወጣ፣ ጎረቤቴን እትዬ መቀስን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። በልብስ ስፌት ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል፤ ቅጽል ስሙ ግን ከሥራቸው ይልቅ ከምላሳቸው የወጣ ይመስለኛል። የእኔ ልብ ቀድሞ ክፉውን ነውና የሚያስበው፣ «ማን ሞተ?» አልኩ።

«እኔ! ነይ ቅበሪኝ» አሉኝ። «ይልቅ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል። የሥራ መልቀቂያ ጻፊልኝ።»

ቤት አስገባኋቸው። ለካስ የአንዲት ሠራተኛ የሻሽ ጫፍ በማሽን ተይዞ ልትታነቅ ስትል ተርፋ ኖሮ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም ሻሹን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ፈትቶ ጠባብ ቆብ እንዲያደርግ ታዟል። እትዬ መቀስን ደግሞ ላለፉት ስድስት ዓመታት ያለ ሻሽ ያያቸው ሰው የለም።

«ፀጉሬ አልቋል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በአርባ ሴት ፊት ከምዋረድ ደመወዙ ይቅርብኝ።»

እውነታቸውን ነው፣ ሰው ይስቃል ብዬ ወረቀት ፍለጋ ተነሣሁ። ነርስነት የምትማረው ልጄ ግን ከጓዳ ብቅ አለች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰምቻለሁ። ፀጉርዎን እንዴት ነው የሚይዙት?»

«እንዴት እይዘዋለሁ? እንዳይታይ ጥብቅ አድርጌ አስረዋለሁ። በሳሳ ቁጥር አጠብቃለሁ። ውሃ አላስነካውም፤ ሳጥበው ይረግፋላ! አንዳንዴ ነጭ ጋዝ እቀባዋለሁ።»

«ነጭ ጋዝ! ከዚያ ምድጃ ፊት ይቆማሉ?» ብዬ ጮኽኩ፣ ሲነዱ ታይተውኝ።

«አንቺ ደግሞ፣ በቁሜ አቃጠልሽኝ እኮ!»

ልጄ ሳቋን ዋጠች። «እትዬ፣ ጨርቅ አዋቂ ነዎት። ስስ ጨርቅ ተወጥሮ ቢሰፋና ሁልጊዜ ቢጎተት ምን ይሆናል?»

«ክሩ ከስፌቱ ላይ እየሸሸ ይተረተራል።»

«የፀጉር ሥርም እንደዚያው ነው። የባሰበት ቦታ ሻሹ የሚይዝዎት ግንባርዎና ከጆሮዎ በላይ ያለው አይደለም?»

እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ። መልስ ግን አላጡም። «እናቴስ? እሷ ላላ አድርጋ ነበር የምታስረው፤ መሐል አናቷ ግን ባዶ ነበር።»

«እሱ የዕድሜና የዘር ነው። የወር አበባ ሲቋረጥ ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፤ ምንም አያሳፍርም። መጎተቱ ግን እርስዎ የጨመሩበት ነው። ሲታጠቡ የሚወጣውም ቀድሞ የለቀቀ ፀጉር ነው፤ ውሃው አልነቀለውም።»

«ታዲያ ሐኪም መልሶ ይተክልልኛል?»

«አልዋሽዎትም፣ ሥሩ የሞተው አይመለስም። የቀረውን ማዳን ግን ይቻላል። ለመሆኑ ደረጃው ላይ ለምን ተቀመጡ?»

«ትንፋሽ አጥሮኝ ነዋ። እርጅና!»

«የደም ማነስም ሊሆን ይችላል። እሱም ፀጉር ያረግፋል።»

ደም ማነስ ስትል እኔ ከዚያ የሚከፋውን በሽታ ሁሉ በልቤ ደረደርኩ። ዳሩ ግን አንድ ነገር ተገለጠልኝ፤ ሰው የሚፈራው ነገር ተሸፍኖ ሲቀመጥ ያድጋል እንጂ አይቀንስም። ወረቀቱን መለስኩ።

«መልቀቂያ አልጽፍም። ጤና ጣቢያው እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው፤ ይነሱ እትዬ፣ አብረን እንሄዳለን።»

«አንቺ? ክፉ ነገር ቢነግሩንስ ብለሽ አትፈሪም?»

«እፈራለሁ። ይነሱ አልኩ!»

እውነትም ደማቸው አንሶ ተገኘ። የሚዋጥ መድኃኒት፣ በነጭ ጋዝ ለቆሰለው የራስ ቆዳቸውም ቅባት ታዘዘላቸው። ሰኞ ከሥራ ሲመለሱ ቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጡ።

«ፈታሁት!» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «አርባውም ሴት ዞሮ አየኝ። ከዚያ አለቃችን የራሷን ፈታች። ከእኔ የባሰች! ስድስት ዓመት ሙሉ ስንደባበቅ!»

ይህ ከሆነ ስምንት ወር አልፏል። መሐል አናታቸው ዛሬም ሳሳ ያለ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን በየሳምንቱ በለብታ ውሃ ይታጠባሉ፣ ላላ አድርገው ያስራሉ፣ ነጭ ጋዙን ጥለዋል። ቁስሉ ድኗል፣ ከጆሯቸው በላይ አጫጭር ፀጉር በቅሏል፣ አራቱን ፎቅ ሳያርፉ ይወጣሉ፤ ከሁሉም በላይ ሥራቸው ላይ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ፀጉሯን ዓይኗ እስኪጎተት ወጥራ ስታስር አይተው፣ «ላላ አድርጊው» ቢሏት፣ «እርስዎን ምን አገባዎት?» አለቻቸው።

እትዬ መቀስ ቆባቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉላት። «በደንብ እዪኝና ወስኚ።»