መስመሩን ማን ይበላዋል?

ጅማ፤ ነፋስ የቀላቀለ ዶፍ ያጠፋው መብራት ተመልሶ በሰነበተበት አንድ ከሰዓት፣ የኢንተርኔት ጠጋኙ ነጂብ በእትዬ ጥሩወርቅ ሳሎን ራውተሩ ፊት ተንበርክኳል።

ጥሩወርቅ፦ ውጭውን እይ አልኩህ እኮ። ነፋሱ ምሰሶ ያጋደመው ውጭ፣ አንተ የምትበረብረው ቤቴን።

ነጂብ፦ ውጭውን አይቼ ነው የገባሁት፣ እትዬ። ገመዱ ደህና ነው። እስከ በርዎ ድረስ ፍጥነቱ ሙሉ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ታዲያ ህሊና ለምን ትደርቅብኛለች? ልጄ ናት፤ አዳማ ነው የምትኖረው። ማታ ማታ ደውላ ሕፃኗን ታሳየኛለች። ከዝናቡ ወዲህ ግን ምስላቸው ቀጥ ይላል፤ ሕፃኗ አፏን እንደከፈተች ትቀራለች። እንደ ፎቶ። የማይናገር ፎቶ ደግሞ ግድግዳዬ ላይ አለኝ፤ ይበቃኛል።

ነጂብ፦ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ የውስጡን ገመድም ቀየርኩት፤ ያው ነው። እስቲ ስልክዎን ያጥፉት።

ጥሩወርቅ፦ ይኸው፣ ጠፋ።

ነጂብ፦ ይቺን መብራት ያዩዋታል? የሚጠቀም ከሌለ ማረፍ ነበረባት። አሁንም ትርገበገባለች። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ?

ጥሩወርቅ፦ የለም።

ነጂብ፦ ጎረቤት የይለፍ ቃሉን ያውቃል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ እትዬ።

ጥሩወርቅ፦ ማንም አያውቀውም። ሱራፌል ነው ያወጣው፤ ስልኬ ላይ ሞልቶልኝ ሄደ።

ነጂብ፦ ሱራፌል ማነው?

ጥሩወርቅ፦ የህሊና ታናሽ። አምና የተሳፈረበት መኪና ጊቤ ላይ ተገለበጠ።

ነጂብ፦ ያጥናዎት፣ እትዬ። አላወቅኩም።

ጥሩወርቅ፦ ከየት ታውቃለህ።

ነጂብ፦ ይሄ የተቆለፈው የማን ክፍል ነው?

ጥሩወርቅ፦ እሱን ተወው።

ነጂብ፦ ከውስጥ ድምፅ ይሰማኛል።

ጥሩወርቅ፦ አንተም ሰማኸው?

ነጂብ፦ አዎ።

ጥሩወርቅ፦ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። መብራት ከመጣ ጀምሮ ይተነፍሳል። ሱራ እዚያ ውስጥ ሥራ ላይ ሲያመሽ እንደዚሁ ነበር የሚሰማኝ። ለህሊና አልነገርኳትም፤ አበደች ብላ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ራውተሩ ነው ብዬ አንተን ጠራሁ እንጂ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ነጂብ፦ ኮምፒውተር ነበረው?

ጥሩወርቅ፦ ሰርግ ይቀርጽ ነበር፤ የሚያቀናብረው እዚያ ላይ ነው። የቀበርነው ዕለት ስንመለስ፣ ባለቤቱ ሄዶ እሱ ያንጎራጉራል። መስማት አልቻልኩም። የክፍሉን መብራት የሚቆርጠውን ብሬከር ወደ ታች አድርጌ በሩን ቆለፍኩት።

ነጂብ፦ ከዝናቡ በኋላ መብራቱን የሠራው ሰው ብሬከሮቹን ሁሉ ወደ ላይ መልሷቸው ይሆናል። አንዳንዱ መብራት ሲያገኝ በራሱ ይነሳል።

ጥሩወርቅ፦ በራሱ ይነሳል?

ነጂብ፦ ማሽኑን ነው ያልኩት፣ እትዬ።

ጥሩወርቅ፦ ገብቶኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ና፣ እከፍተዋለሁ። አንተ ግን ቅደም።

ነጂብ፦ ቢስሚላህ። አዎ፣ በርቷል። አቧራው ውስጥ ስክሪኑ እንኳ በቅጡ አይታይም።

ጥሩወርቅ፦ ወንበሩ ላይ እንዳትቀመጥ።

ነጂብ፦ ቆሜ ነው የማየው። ትልቅ ቪዲዮ እየላከ ነው። ያኔ ጀምሮት ሄዶ ሳያልቅ ተቋርጧል፤ መብራት ሲያገኝ ካቆመበት ቀጠለ። መስመሩን የበላው ይሄ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ለማን ነው የሚልከው?

ነጂብ፦ «ለህሊና፣ ሰርግሽ» ይላል።

ጥሩወርቅ፦ የሰዉን ሁሉ ሰርግ እየጨረሰ የእህቱን አቆየባት። ስንቴ ተኳረፉበት። ለቅሶው ላይ እንኳ «ሰርጌን ሳታሳየኝ» እያለች ነበር የምታነባው።

ነጂብ፦ ከፈለጉ አቆመዋለሁ፤ አንዴ መንካት ነው። ማታ ህሊናን ከነልጇ ጥርት አድርገው ያዩዋታል። ይሄን ሌላ ቀን እንደገና እንጀምረዋለን።

ጥሩወርቅ፦ እንደገና የሚጀምረው ማነው?

ነጂብ፦ እኔ መጥቼ እጀምርልዎታለሁ።

ጥሩወርቅ፦ አንተ።

ነጂብ፦ አዎ፣ ቀላል ነው።

ጥሩወርቅ፦ ባትነካውስ?

ነጂብ፦ እስከ ነገ ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ማታ ግን ህሊናን አያገኟትም።

ጥሩወርቅ፦ እጅህን አንሳ፣ ልጄ። ህሊና ነገም አለች። እሱ የጀመረውን ይጨርስ።