የጮኸ ሰው በዋሻው ይለፍ

እትዬ ቦዠና፣ ጋሽ ኦታካር፣ የውሻ ማሠልጠኛ ክለባችን ሰዎችና ውሾች፦ በዚህ ሽኝት ላይ ከወረቀት ባነብ ይቅር በሉኝ።

እትዬ ቦዠና እዚህ ሜዳ መጀመሪያ የመጡ ቀን እኔ አልተወለድኩም። የነገሩኝ የክለቡ ሊቀመንበር ጋሽ ኦታካር ናቸው። ውሻቸው ለውሾች መለማመጃ በተዘረጋው የሸራ ዋሻ አልገባም አለ። "ግባ! ግባ እንጂ!" ብለው ጮኹበት። ጭራሽ ተቀመጠ። "እንዲህ ነው የሚገባው!" ብለው ራሳቸው እየዳሁ ገቡ። ውሻው በውጭ ዞሮ መውጫው ላይ ጠበቃቸው። ጋሽ ኦታካርም "ሴትዮዋ አልፈዋል፤ ውሻው ይደግማል" አሉ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ቦዠና በሚያስተምሩት የጀማሪዎች ክፍል ሕጉ አንድ ነው፦ ውሻው ላይ የጮኸ ሰው በዋሻው ድሆ ያልፋል። አማላጅ የለም። ዳኛ ሉቦሚር እየሳቁ ነው፤ ይሳቁ። በጸደይ ውሻቸው በተተከሉት የመለማመጃ ዘንጎች መሃል እየተጠማዘዘ መሮጥ ሲገባው ቁጭ ብሎ ሲያክ "ተነስ አንተ!" አሉት። እትዬ ቦዠና ፊሽካቸውን ነፉ።

"ክቡር ዳኛ፣ ሕጉን ያውቁታል።"

"ይግባኝ እላለሁ!"

"ይግባኝ የሚሰማው በወዲያኛው ጫፍ ነው።"

ከነክራቫታቸው ገቡ።

እትዬ ቦዠና ስንቱን ውሻ ከጀማሪ ወደ መካከለኛ፣ ከዚያም ወደ ተወዳዳሪ አሳለፉ! የአሁኑ የራሳቸው ውሻ ባሮን ግን እስከ ዛሬ ጀማሪ ነው። ከፍ ዝቅ በሚለው ሳንቃ ላይ ወጥቶ መሃሉ ላይ ይተኛል። "ዝምድና አላውቅም፣ ወድቋል" ይላሉ። ከዚያ ዞር ብለው ቋሊማ ያጎርሱታል። እናያለን እኮ፣ እትዬ ቦዠና!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እትዬ ቦዠና ማስተማር ሊያቆሙ ስለሆነ፣ ባለፈው ሳምንት ጋሽ ኦታካር "ጀማሪዎችን የሚረከብ ካልተገኘ ክፍሉ ይዘጋል" አሉ። እትዬ ቦዠና ወደ እኔ ዞሩ።

"የእኔ ድምፅ አይሰማም" አልኳቸው።

"እሱን እኮ ነው የምፈልገው! መልስሽን ሽኝቴ ላይ፣ ሰው ፊት ቆመሽ ትነግሪኛለሽ።"

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሴን ስጽፍ ስሰርዝ ምግብ እየረሳሁ ነው። እርስዎ ግን እንደማየው ሦስተኛ ሳህንዎ ላይ ነዎት።

ትምህርት ቤት "ጮክ በይ" ይሉኛል። ቤትም እንዲሁ። እዚህ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ውሻዬ ከአጥሩ ሥር ተወሽቃ አልወጣም አለች። ቀስ ብዬ ጠራኋት፤ ወጣች። እርስዎ ለክፍሉ ሁሉ "ጸጥ በሉና ከዚህች ልጅ ተማሩ" አሉ። ከእኔ! ያን ቀን ሳላመሰግን ውሻዬን ይዤ ሮጥኩ። ዛሬ ልበለው፦ አመሰግናለሁ።

መልሴ እሺ ነው። ክፍሉ አይዘጋም። ባሮንም ጀማሪ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት ይዘውት ይመጣሉ፤ የድብቅ ቋሊማ ግን ቀርቷል።

አንድ ነገር ቀረ። ቅድም ባሮን ፕሪም የተሞላውን ጣፋጭ ዳቦ፣ ኮላቼውን፣ ከጠረጴዛ ሲሰርቅ "አንተ ሌባ!" ብለው የጮኹት ማን ነበሩ? ሁላችሁም ሰምታችኋል። ዋሻውን በሩ ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ ጉልበትዎን እንዳያምዎት ምንጣፍ አንጥፌበታለሁ። ዳኛ ሉቦሚር ይግባኝዎን ለመስማት በወዲያኛው ጫፍ ይቆማሉ።

በሉ ብርጭቆ አንሱ፤ የእኔ የእንጆሪ ጭማቂ ነው። እትዬ ቦዠና፣ ጤና አይለይዎት፣ ከቅዳሜ በቀር ጠዋትዎን እንቅልፍ ይሙላው፣ ባሮንም አንድ ቀን ሳንቃውን ይሻገር። ለጤናዎ!

ጠጡ? እንግዲያው ፊሽካውን ወዲህ ይስጡኝና ይግቡ።