ወንበሩን ሠርተው ድምፃቸውን ያልሸጡት አናጺ

አናጺው አቶ አምብሮዝ ፔልካም ከበርሜል ሠሪው አባታቸው ከአቶ ሩበንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄስተር፣ በቀዳማዊ ጆርጅ ዘመነ መንግሥት እዚሁ ሄልስዊክ ተወልደው፣ በደብሩ ትምህርት ቤት ማንበብና መጻፍ ከተማሩ በኋላ አጎታቸው ዘንድ ሰባት ዓመት ሙያውን ቀስመው፣ የከተማችንን በርና መስኮት ሲሠሩ ኖረዋል። ከወይዘሮ ዶርካስ ጋርም በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

የፓርላማ ምርጫ ሲደርስ በዚህች ከተማ ገንዘብ እንደ ጎርፍ እንደሚወርድ፣ ቢራው በነጻ እንደሚቀዳ፣ ሪባን ሻጩም ጫማ ሰፊውም ሥራ በሥራ እንደሚሆን ለማናችሁም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዋጋው የሚጠየቀው ግን ሕዝብ በተሰበሰበበት መድረክ ወጥቶ ድምፅን ጮክ ብሎ በመስጠት ነው። የአብዛኞቹ ቤቶቻችን ባለቤት የሆነው ባላባት፣ የሎርዱ፣ ወኪል፣ ክራዶክ የሚባለው፣ አሸናፊው በትከሻ ተይዞ የሚዞርበትን ወንበር ለአቶ አምብሮዝ አዝዞ ሦስት እጥፍ ከፈለ። እሳቸውም ወንበሩን በወርቅ ቀለም አስጊጠው በቀጠሮው አስረከቡ፤ በምርጫው ቀን ግን መድረኩ ላይ ወጥተው ለሎርዱ ተቃዋሚ፣ ለሱፍ ነጋዴው፣ ድምፃቸውን ሰጡ። ክራዶክ በሕዝብ ፊት «ወጪት ሰባሪ!» ብሎ ቢሰድባቸው፣ «የከፈልከኝ ለወንበር ነው፤ ወንበርህ ያውልህ። ድምፄ የሚሸጥ ነው ያለህ ማነው?» ብለውት ወረዱ።

ሎርዱ ያቆመው እጩ አሸንፎ በዚያው ወንበር ዞረ። አቶ አምብሮዝም፣ ወይዘሮ ዶርካስ ነፍሰ ጡር ሳሉ፣ በበረዶ ወር ከኪራይ ቤታቸው ተባረሩ፤ በከተማዋ ውስጥ የራሱ ምድጃ የሌለው ሰው አይመርጥምና ድምፃቸውንም አብረው አጡ። ዛሬ እዚህ ደረት ከሚመቱት ጎረቤቶች ጓዳውን ያከራያቸው አንድም አልነበረም፤ ይህም ይነገር። ከድልድዩ ማዶ በአሮጌ ጎተራ ሃያ ሁለት ዓመት መላጊያ ሲገፉ ኖረው፣ ባለፈው ዓመት የሎርዱ እጅ የሌለባት አንዲት ጠባብ ቤት ከተማው ውስጥ ገዙ፤ ምድጃዋን በገዛ እጃቸው ለኩሰው «አሁን ይምጣ ምርጫው» ይሉ ነበር።

ሆኖም የሳንባ ሕመም ጠንቶባቸው፣ ምርጫው ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ማለዳ ዐረፉ። ትናንት ክራዶክ ለለቀስተኛው አንድ በርሜል ቢራና ለሐዘን የሚታደል ጥቁር ጓንት ላከ፤ ወይዘሮ ዶርካስ በርሜሉን ራሳቸው እያንከባለሉ ወደመጣበት መለሱት።

አቶ አምብሮዝ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዶርካስን፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ፕሩደንስንና ታቢታን፣ እንዲሁም በጎተራው የተወለደውን ወንድ ልጃቸውን ሳይላስን ትተው አልፈዋል። ቤቷን የወረሰው ሳይላስ ነው፤ ነገ ጠዋትም መድረኩ ላይ ወጥቶ ድምፁን ይሰጣል፤ እዚህ የቆማችሁ ሁሉ መጥታችሁ ስሙት። የአቶ አምብሮዝን ነፍስ ግን እግዚአብሔር ኪራይ በማይጠየቅበት፣ ማንም ማንንም በማያስወጣበት ቤቱ ያሳርፍልን። አሜን።