መሬት ያልነካ እጅ

እታፈራሁ መርሳ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈተች ዐሥር ዓመቷ ነው። እንጀራዋ የሆነው ኮምፒዩተር ግን ከሐሙስ ጀምሮ አልነሳም ብሏል። የገጣጠመላት የእህቷ ልጅ፣ የፊታችን እሑድ የሚሞሸረው፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ይቅርታ የምትል ቃል ከአፉ አልወጣችም፤ እሷን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ጎረቤቷ እልፍነሽ ስትገባ ፊቷን ወደ እሷ አዞረች።

«ግቢ፣ ግቢ እልፍዬ። የግራና ከተማ ገበያ እንዴት ዋለ? ሽንኩርቱስ ረከሰ? አይ የዘንድሮ ጥር! አየሩ ደርቆ ደርቆ፣ ሹራብ ሳወልቅ እንኳ ይንጣጣል...

«ኮምፒዩተሬን ነው? እሱማ ዐረፈ። አዲስ ቦርድ፣ ያንን ሁሉ ነገር የሚሰካበትን የሆዱን ሰሌዳ፣ ገዝቼለት ነበር። ባለሙያ ቤታችን ተቀምጦ ሌላ ምን ልፈልግ? እንዴት ያለ እጅ መሰለሽ! ቦርዱ የመጣበትን ብርማ ከረጢት ‹ጌጥ ነው› ብሎ ወረወረው። እንዳይበርደው አስቦ ደግሞ ናይለን ብርድ ልብስ ላይ አስተኛው። አቧራውን በሹራብ እጅጌ አሸት አሸት... እናት ለልጇ እንዲህ ታደርጋለች? ጣቱ ላይ ብልጭ ሲል አይቼ ‹ምንድን ነው?› ብል፣ ‹ኃይል ነው› ተባልኩ።

«ከዚያማ ጭጭ። ‹ከሱቅ ሲወጣም የሞተ ነበር› ተባለ። እኔ ሞኟ! ሻጩ እፊቴ አስነስቶ ሲያሳየኝ ሕያው መስሎኝ...

«ወልድያ ያለው ኮምፒዩተር ጠጋኙ ሰለሞን ግን፣ ምስኪን፣ እንዲህ ያለ ኃይል ስላልተሰጠው ይፈራል። ባዶ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ነው የሚሠራው፤ ቦርዱንም እስኪገጥመው ድረስ ከብርማ ከረጢቱ አያወጣውም። የእጁ አንጓ ላይ ሽቦ አስሮ፣ ሽቦውን መሬት ከተቀበረ ብረት ጋር ያያይዛል። ‹ሰውነታችን ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እኛ ሳይሰማን ቦርዱን ይገድላል፤ መጀመሪያ ወደ መሬት ማውረድ ነው› ይላል። አየሽ ተራ ሰው? እግሩ መሬት የማይነካ ሰውማ ምን ብሎ ይጎንበስ?

«ለነገሩ መሬት መንካት ለኮምፒዩተር ብቻ መች ሆነ? የድሮ ሰው ሲያጠፋ ድንጋይ ተሸክሞ መሬት ላይ ይወድቅ ነበር። ሽቦ ስላልነበረው ይሆናል...»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ወጣት ስልኩን አጠፋ፤ ግን ከመቀመጫው አልተነሳም። እታፈራሁ በዓይኗ ጫፍ አየችው። ያሳደገችው ልጅ ነውና ልቧ ሊራራ ምንም አልቀረው፤ አፏ ግን ቀደመ።

«እሑድ ጉልበቴን ሊስም ሲመጣ እመርቀዋለሁ እንጂ፣ ምን ሆኜ አልመርቅም? እግዜር ትዳሩን ያሙቅለት። ሙሽራዪቱም እፊቴ ስትስቅ እንዳየኋት፣ እንደዚያው ፊቷ እንደበራ ትኑርለት። እጇን ከመያዙ በፊት መሬት የሚነካበት ልብ ይስጠው... ኋላ፣ ‹ከእናቷ ቤት ስትወጣም የሞተች ነበረች› ከማለት ይሰውረው። አሜን በይ እንጂ፣ እልፍዬ!»