ጸሎት የማይፈልግ ሞተር

ጓሳ ተራራ ላይ ጉም ከወረደ መኪና የሚታወቀው በጭስ ማውጫው ድምፅ ነው። ያቺ የድሮዋ የቤንዚን የጭነት መኪናዬ ፉር ፉር፣ አንዳንዴም ቷ! እያለች ስትመጣ፣ የደብራችን ቄስ አባ ተክሌ ከሩቅ ሰምተው መንገድ ዳር ይጠብቁኝ ነበር። ናፍጣ መኪና ይዤ የመጣሁ ዕለት ግን አልወጡም። ቆሜ ተጣራሁ።

«አንተ ነህ እንዴ ልጄ? ያቺ እኮ እያሳለች ነበር የምትመጣው። ይሄ ዱክ ዱክ ሲል ጊዜ ወፍጮ ቤት በእግሩ መጣ ብዬ!»

ጋቢና ገቡ። ድሮ ዳገት ላይ ቤንዚኗ ማቃሰት ስትጀምር አባ መስቀላቸውን ጨብጠው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይሉ ነበር፤ እኔም ማርሽ እየቀነስኩ ጸሎቱን እቀበላቸው ነበር። ናፍጣው ግን እያጉረመረመ ዳገቱን ጨረሰው።

«ይሄስ ጸሎትም አይፈልግ» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ያ ጸሎት ናፈቀኝ። የሚቀጥለው ዳገት ላይ ሆን ብዬ ማርሽ ሳልቀንስ ተውኩት። ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፣ አቃሰተ። አባ ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አሉ።

እኔም ተቀበልኳቸውና ማርሹን ቀነስኩ።