ወሬ ሳይዝ አንደኛ የወጣው ሯጭ

(የወረዳው ባዛር የሩጫ ማብቂያ፤ ዋናው ዳኛ አቶ አጥናፉ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል፣ ከአዲስ አበባ በዓመት ፈቃድ የመጣው ናሁሰናይ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለች ዶሮ ታቅፎ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ፊታቸው ቆሟል፤ ከእሱ ሌላ የገባ ሯጭ የለም።)

አቶ አጥናፉ፦ አልሮጥክም አልኩህ እኮ!

ናሁሰናይ፦ ጋሼ፣ ሪባኑን በደረቴ ስበጥስ አላዩኝም?

አቶ አጥናፉ፦ መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ። ደግሞ ሪባን ማንም ይበጥሳል። አምና የአቶ ቢሻው ወይፈን በጥሶታል፤ በግ ሸለምነው?

ናሁሰናይ፦ ታዲያ መሮጤን በምን ላሳምንዎት?

አቶ አጥናፉ፦ በወሬ ነዋ! ሩጫው ገበያውን መሃል ለመሃል ነው የሚያልፈው። በእውነት ያለፈበት ሰው ወሬ ይዞ ይገባል። እሺ፣ የድንቁ ወገብ እንዴት ሆነለት?

ናሁሰናይ፦ ድንቁ ማን ናቸው?

አቶ አጥናፉ፦ ማር ተራ መግቢያው ላይ መንገዱን ዘግቶ የሚተኛው! እሱን ሳታገኝ በየት በኩል አለፍክ?

ናሁሰናይ፦ እ... አንድ ነገር ዘልያለሁ። ጆንያ መስሎኝ።

አቶ አጥናፉ፦ የታመመ ሰው ዘሎ! «እግዜር ይማርህ» እንኳ ሳይል!

ናሁሰናይ፦ ሩጫ ላይ ነበርኩ እኮ፣ ጋሼ።

አቶ አጥናፉ፦ ሌሎቹስ ምን ላይ ናቸው?

ናሁሰናይ፦ እነሱማ ገና አልደረሱም!

አቶ አጥናፉ፦ አይደርሱማ፣ አሳዳጊ ያላቸው ልጆች ናቸው። ያምናው አሸናፊ መኳንንት ይሄኔ ቅቤ ተራ ቆሞ የአክስቱን ላም ጤና እየጠየቀ ነው። አምና ያመጣውን ወሬ ሰምተን ሳንጨርስ የሚሸለመው በግ በቆመበት እንቅልፍ ወሰደው።

ናሁሰናይ፦ እኔ ለበጉ ብዬ አልሮጥኩም።

አቶ አጥናፉ፦ አውቃለሁ። ስንዱ ነግራኛለች። «አባባ፣ የማገባውን ሰው አንደኛ ሲወጣ ታየዋለህ» ብላኛለች። ይኸው አየሁህ። ማለቴ፣ መነጽር ቢኖረኝ አይህ ነበር።

ናሁሰናይ፦ እንግዲያው እንደ ልጅዎ ይቁጠሩኝና...

አቶ አጥናፉ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ እዚያ አልደረስንም! የኔ ልጅ የሚባል ሰላምታ ያውቃል። ሥራህ ምንድን ነው ያልከኝ?

ናሁሰናይ፦ ኢንሹራንስ። አሁን ግን ፈቃድ ላይ ነኝ።

አቶ አጥናፉ፦ ፈቃድ የወጣ ሰው ይጣደፋል? ከአለቃህ አምልጠህ መጥተህ እዚህ ደግሞ ማን ያባርርሃል? ለመሆኑ ባዛሩ ላይ ምን አየህ?

ናሁሰናይ፦ የፊት የፊቴን።

አቶ አጥናፉ፦ ቀለበት ወረወርክ?

ናሁሰናይ፦ አልወረወርኩም።

አቶ አጥናፉ፦ ሸንኮራ መጠጥክ?

ናሁሰናይ፦ ጋሼ፣ እየሮጥኩ!

አቶ አጥናፉ፦ መኳንንት አምና እየሮጠ ጫማ ገዝቷል፤ ያውም ለክቶ፣ ተከራክሮ! አንተ ለቅሶ ቤት በፊት ለፊት ገብተህ በጓሮ በኩል የምትወጣ ሰው ነህ። ኧረ ይህቺን ዶሮ ዝም አሰኛት!

ናሁሰናይ፦ እርስዎ ሲቆጡ ነው የምትንጫጫው። ዝም ሲሉ እሷም ዝም ትላለች።

አቶ አጥናፉ፦ ደግሞ ዶሮ ታቅፎ የሚሮጥ!

ናሁሰናይ፦ ወድጄ መሰለዎት? ዶሮ ተራ ጋ አንዲት እናት እጄን ለቀም አድርገው «ና እስቲ ይህቺን ያዝልኝ» አሉኝ።

አቶ አጥናፉ፦ ቆምክላት?

ናሁሰናይ፦ እጄን ትቼ ልሂድ እንዴ?

አቶ አጥናፉ፦ ሰላምስ አልካት?

ናሁሰናይ፦ አልኳቸው። እሳቸውም ስለ እናቴ፣ ስለ አባቴ፣ ኩላሊቴ ሳይቀር ጠየቁኝ። ከዚያ «አፍህን ክፈት» አሉኝና ጥርሴን አዩ። ዶሮዋን አስታቅፈውኝ ቀለበት ሊወረውሩ ሄዱ።

አቶ አጥናፉ፦ ጎሽ፣ ይኼ አንድ ወሬ ነው። መልእክትስ? በዚህ አገር መልእክት ሳትልክ ሰው የምትለቅ ሴት የለችም።

ናሁሰናይ፦ አለ። ለዋናው ዳኛ፣ ለእርስዎው ነው። ግን ስድብ አለበት።

አቶ አጥናፉ፦ ዳኛ ስድብ ለምዷል። ካልተናገርክ አልሮጥክም።

ናሁሰናይ፦ «ያ መነጽሩን ቡሃቃው ክዳን ላይ ጥሎ ዳኛ ነኝ ብሎ የወጣ...»

አቶ አጥናፉ፦ ምን ክዳን ላይ?

ናሁሰናይ፦ ቡሃቃው። «...ጥሎ የወጣ ግትር ሽማግሌ» ነው ያሉት። እኔ የለሁበትም።

አቶ አጥናፉ፦ ነጠላውን ግለጥልኝ። አንገቷን ልየው።

ናሁሰናይ፦ ይኸው። ላባ የለውም፣ መላጣ ነው። አሟት ይሆን?

አቶ አጥናፉ፦ እሜቴ! የኔ እሜቴ!

ናሁሰናይ፦ ይተዋወቃሉ?

አቶ አጥናፉ፦ ከኔ እጅ ካልሆነ ጥሬ የማትቀምስ ዶሮዬ ናት! ጥሩአየሁ ናት ገበያ ያወጣቻት፣ ሚስቴ! ኧረ ቀስ፣ ክንፏን!

ናሁሰናይ፦ የስንዱ እናት? አፌን የከፈትኩት ለአማቴ ነው?

አቶ አጥናፉ፦ አፍህን ተወውና መልእክቱን ጨርስ!

ናሁሰናይ፦ «ልጁን አይቼዋለሁ፣ ልጅቷም ቆርጣለች። የቀረኸው አንተ ነህ። ዛሬ ከቤታችን አንዷ ትወጣለች፤ ወይ ልጅቷ ትዳራለች፣ ወይ ዶሮዋ ትሸጣለች፤ ምረጥ» ብለዋል። ልጁ የትኛው ልጅ እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ ቸኩዬ ነበር።

አቶ አጥናፉ፦ አንተ ነህ እንጂ ማን ይሆናል! ለመሆኑ ይህቺን መላጣ ማን ይገዛታል?

ናሁሰናይ፦ ዋጋ ተነጋግረው ጨርሰዋል። «ገዢው ሁለተኛ ሆኖ ይገባል፣ ዳኛው እሺ ካላለ ለእሱ ስጠው» ብለውኛል። ከኋላዬ የነበረ ሯጭ ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል።

አቶ አጥናፉ፦ መኳንንት! እሱ ዋጋ ከቆረጠ አይለቅም። ደግነቱ ሲመሽ ነው የሚደርሰው።

ናሁሰናይ፦ ጋሼ፣ ያ ከማር ተራው ጥግ ብቅ ያለው እሱ አይደለም?

አቶ አጥናፉ፦ እኔ ምን አይቼ! ሰላም እያለ ነው?

ናሁሰናይ፦ ኧረ እየሮጠ ነው። ድንቁንም ዘለለው።

አቶ አጥናፉ፦ በል ድሬያለሁ፣ ስንዱንም ድሬያለሁ፣ በጉም ያንተ ነው! እሜቴን ደህና አድርገህ ታቀፍና በጓሮ በኩል ወደ ቤት ሩጥ፣ ልጄ፤ ማንንም ሰላም እንዳትል!